በሁለቱ ሚያዝያ 27 መካከል

በአንድ ዕለት የተፈጸሙ ታሪካዊ ድርጊቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መደነቅ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የዕለት መገጣጠም ሁሉ እኩል ትርጉም የለውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1818 ካርል ማርክስ ተወለደ፤ በዚሁ ዕለት በ1821 ናፖሊዮን ቦናፓርት በግዞት ሞተ። ሁለቱን የሚያያይዝ ምክንያት የለም፤ ተራ አጋጣሚ ነው። በአገራችን ታሪክ ግን በሰው ፈቃድ የተገጣጠመ ዕለት አለ። እርሱም ሚያዝያ 27 ነው።

እንደሚታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት ከተማውን ለቀው ነበር። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ጦርነቱ ማብቃቱን አወጀ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አዲስ አበባ ከጠላት እጅ የወጣችው ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ በእንግሊዞች ትእዛዝ ሥር በነበረው ጦር ነው። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ነበር። የእንግሊዝ አዛዦች ግን በከተማው ላሉት ኢጣሊያውያን ደኅንነት እንሠጋለን በማለት ወዲያው እንዲገቡ አልፈቀዱም። አንድ ወር ያህል ከተጠበቀ በኋላ የመመለሻው ዕለት ከውርደቱ ዕለት ጋር ገጠመ። በዚህም የሽንፈት ቀን በድል ቀን ተሸፈነ።

ከዚያ ወዲህ ዕለቱ ራሱ የፖለቲካ ክርክር መስክ ሆኖ ቆይቷል። ዘውዳዊው ሥርዓት ሚያዝያ 27ን አከበረ፤ ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞው ዕለት ተመለሰ። ጉዳዩ በጥሞና ሲመረመር ግን ሁለቱም የመግቢያ ዕለታት ናቸው፤ አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱ፣ ሁለተኛው የእንግሊዝ ጦር። ስሙ የአርበኞች ቀን ሲሆን፣ ቀኑን የመረጡት ግን አርበኞች አይደሉም።

መሠረታዊው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። የሙሶሊኒን አዋጅ ውሸት ያደረገው በሁለቱ ሚያዝያ 27 መካከል ባሉት 1,826 ቀናት የተካሄደው ትግል ነው። አዋጁ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በሐምሌ 1928 ዓ.ም.፣ አርበኞች በተለያዩ አቅጣጫዎች አዲስ አበባን አጠቁ፤ ሐምሌ 22 ቀንም አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተደበደቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ በግፍ ተጨፈጨፈ። ሆኖም አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ገረሱ ዱኪ በደቡብ ምዕራብ ሸዋና አካባቢው ትግሉን ቀጠሉ። ጦርነቱም በ1933ቱ ሰልፍ አላበቃም፤ የመጨረሻው የጎንደር ምሽግ የወደቀው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። የድሉ ፍሬስ ለማን ደረሰ? በላይ ዘለቀ ድሉን አይተው ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በዚያችው አዲስ አበባ ተሰቅለዋል።

ይህ ሁሉ ለዛሬው ትውልድ የሩቅ ወሬ መሆን የለበትም። በከተማችን ደቡብ የሚገኘውን ለቡን እንመልከት። ያኔ ከከተማው ውጪ ገጠር ነበር፤ ዛሬ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰባሰቡ ቤተሰቦች በአንድ አጥር የሚጎራበቱበት ሰፊ መንደር ነው። የድሉ ሐውልት ያለው በሩቁ፣ በአራት ኪሎ አደባባይ ነው። ነገር ግን የጎጃሙ፣ የሸዋው፣ የጎንደሩ የአርበኝነት ታሪክ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በአያትና በቅድመ አያት ስም ተቀምጧል።

ስለሆነም ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ማን እንደገባ ብቻ መዘከር አይበቃም። በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ መጠየቅ ያለበት፣ ገቢዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እነማን ሳይወጡ እንደቆዩ ነው። ዕለትን መንግሥታት ይመርጣሉ፤ ድሉን ግን ሕዝብ ሠርቶታል።