ቅርስ አስረጂው ከገበሬው መንደር ይሠልጥን

የጋሞ ዞን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ለስብሰባ በተቀመጡ ቁጥር የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የመንገድ ጉዳይ ቅድሚያ ቢያገኝ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ሌላም የገበሬው ሀብት ለገበያ እየቀረበ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ይኸውም የአካባቢው ታሪክና የሕዝቡ የአኗኗር ጥበብ ነው።

በሴቻ ያደረ እንግዳ በማለዳ አባያንና ጫሞን፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል የተዘረጋውንም የእግዜር ድልድይ ቁልቁል ተመልክቶ ወደ ደጋው ይወጣል። እዚያም የሚያየውን ቤት፣ የሚቀምሰውን ቆጮ፣ የሚገዛውን የሸማ ሥራ የሚያስረዳው ሰው ይሻል። ታዲያ ይህ አስረጂ ማነው? ማንስ አስተማረው? የተናገረው ሐሰት ሆኖ ቢገኝስ ማን ይጠይቀዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚተዉ አይደሉም።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የዶርዜ ቤት የዝሆን ራስ ይመስላል ብሎ ማለፍን ማንም ይችለዋል። የሠለጠነ አስረጂ ግን ቤቱ ከቀርከሃ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ለአሥርተ ዓመታት እንደሚያገለግል፣ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ እንደሚያዛውረው ያስረዳል። በዚህን ጊዜ እንግዳው የገበሬውን ዕውቀት አይቶ ይመለሳል። የእንሰት ሥራም እንዲሁ ነው። አፋፋቁን፣ አበላላቱንና አጋገሩን ጠንቅቃ የምታውቀው ሴቲቱ ሆና ሳለ፣ ሌላው ሲናገር እርሷ ለፎቶግራፍ ብቻ የምትቆምበት አሠራር ሊቀር ይገባዋል።

ከዚህ የከበደም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋማ አገር፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ለተመራማሪዎች ባመለከቱት ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ 4,500 ዓመት ያስቆጠረ የሰው አፅም ተቆፍሮ ወጣ። ስሙም «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ከአፅሙ የተገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ተነብቦ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከአፍሪካ ምድር የተገኘ የጥንት ሰው ሙሉ የዘር መረጃ ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከአውሮፓና ከእስያ በኩል የመጣ የዘር ድብልቅ በመላው አፍሪካ ተሠራጭቷል የሚል ድምዳሜ ሰፍሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በኮምፒዩተር ሥሌቱ ላይ ስሕተት መኖሩን ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ2016 ድምዳሜውን አረሙት፤ የባይራ የዘር ንባብ ራሱ ግን ጸንቷል። ያልሠለጠነ አስጎብኚ የፊተኛውን ወሬ ይዞ ዓመት ከዓመት ይደግማል። የሠለጠነው ምን እንደተረጋገጠ፣ ምን እንደታረመ ለይቶ ይናገራል።

ትምህርቱ የሥነ ምግባር ጉዳይም ነው። በጋሞ ምድር ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን ተንቀው መኖራቸው አይካድም። ሥልጠና የሌለው አስረጂ የንቀቱን ቃል ሳያስተውል ለእንግዳ ያቀብላል፤ ወይም ጨርሶ ይደብቀዋል። የሠለጠነ ሰው ግን በደሉን ሳይሸፍን፣ ቆዳ ፋቂዎቹ በድንጋይ መፋቂያ የመሥራት ጥበባቸውን ጠብቀው በማቆየታቸው የጥንቱን ሰው መሣሪያ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ሕያው መምህራን እንደሆኑ ያስረዳል። እንደዚሁም በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት የተቆጣው ወጣት በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰውታል። የዚያን ሣር ትርጉም የማያውቅ አስረጂ የጋሞን ታላቅ ሥርዓት ለጌጥ የተያዘ ቅጠል ያደርገዋል።

«የአገሩ ልጅ ስለሆነ ያውቀዋል፤ ሥልጠና ለምኑ?» የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ማወቅና ማስረዳት ግን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በፕራግ ያጸደቀው ትርጓሜ፣ ቤተ መዘክር ሥራውን በሙያና በሥነ ምግባር፣ በማኅበረሰቡም ተሳትፎ ሊያከናውን እንደሚገባ አስፍሯል። ሙያው ከትምህርት ቤት፣ ዕውቀቱ ከመንደር ይመጣል። ስለሆነም ሥልጠናውን መንግሥት ብቻ ወይም ገበሬው ብቻ ሊያካሂደው አይችልም።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በዚህ ረገድ ሊወስዱት የሚገባ እርምጃ አለ። በመጀመሪያ ሠልጣኞቹ በአባላት ስብሰባ ይመረጡ፤ ከወንዶቹ ጋር ሴቶችም፣ ከአራሹ ቤተሰብ ጋር የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪውና የቆዳ ፋቂው ልጆችም ይካተቱ። ሁለተኛ፣ ለእንግዳ የሚነገረውንና የማይነገረውን፣ በዱቡሻም ሆነ በሌላ የተከበረ ሥፍራ የሚረገጠውንና የማይረገጠውን ሽማግሌዎች ይወስኑ፤ ይህም የሥልጠናው አካል ይሁን። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በሴቻ ቢሰጥ እንኳ ልምምዱ በየመንደሩ ይካሄድ፤ ጊዜውም የእርሻና የአጨዳ ሥራ የሚበረታበት እንዳይሆን፣ የመስቀል በዓል እንግዶችም ከመድረሳቸው በፊት እንዲጠናቀቅ ይታሰብ። አራተኛ፣ ከጉብኝት የሚገኘው ገቢ ለባለቤቱ ቤተሰብ፣ ለአስረጂውና ለማኅበሩ እንዴት እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ።

ሠልጣኙ ሕጉንም ሊያውቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ባለሥልጣን መገለጽ አለበት። በማረሻ ጫፍ የወጣ ጥንታዊ ሸክላ ወይም አጥንት ተነቅሎ ከተሸጠ ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። በየመንደሩ የሠለጠነ አስረጂ ካለ ግን ገበሬው ያገኘውን ሳይነካ ለማን እንደሚያመለክት ያውቃል።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው፣ የቅርሱ ባለቤት የሆነው ገበሬ ከቅርሱ ክብርም ገቢም ሳያገኝ መቅረት የለበትም። የባይራን ዋሻ መርቶ ያሳየው የአካባቢው ሽማግሌ ነው። የዋሻውን ታሪክ ለመጪው ትውልድና ለእንግዳው በትክክል የሚያስረዳውም ከዚያው መንደር ተመርጦ የሠለጠነ ልጅ ሊሆን ይገባል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከማዳበሪያውና ከምርጥ ዘሩ ቀጥሎ ይህን አጀንዳ ቢይዙት የራሳቸውን ሀብት አስከበሩ ማለት ነው።