ብየዳው ጠንክሮ ጎኑ ሲሰነጠቅ

የማረቆን በርበሬ ከልክ በላይ ጭኖ ወደ ቡታጅራ የሚመላለስ ፒክአፕ ሻንሲው ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ወደ በያጅ ይሄዳል። በያጁ ስንጥቁን ይዘጋል፤ በመዶሻም መትቶ ጥንካሬውን ያሳያል። ከወራት በኋላ ብረቱ እንደገና ቢሰነጠቅ ብየዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። እኛ ጥፋቱን በበያጁ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይመስለንም፤ ብረቱ ተለውጧል፣ ይህን የነገረው ግን የለም።

የቀድሞዎቹ ፒክአፖች ሻንሲ ወፍራም ተራ ብረት ነበር። የዛሬዎቹ በአብዛኛው ሳሳ ያለ፣ ጥንካሬውን ግን በፋብሪካ ከተደረገለት የመዳመጥና የማቀዝቀዝ ሂደት ያገኘ ብረት ነው። ብረት የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ከቀለጠው አጠገብ ያለው ሳይቀልጥ 700 ዲግሪን ሲያልፍ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ይለወጣል፤ ፋብሪካው የሰጠውንም ጥንካሬ ሊያጣ ይችላል። መዶሻ ይህን አይናገርም።

ሻንሲ በጭነት ሲጎብጥ ውጥረቱ የሚበረታው በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ ነው፤ መካከሉ እምብዛም አይጨነቅም። ስለዚህ ጠርዙን አቋርጦ መበየድ እጅግ አደገኛ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው ያሰላሉ፤ ጋራዥ ገብቶ ያስረዳ ግን ስንት ነው? (ራሳችንንም ጨምረን ነው የምንጠይቀው።)

ከ100 አምፔር የሚበልጠው የብየዳ ጅረትም መንገዱን ስቶ ከተመለሰ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል። የባትሪውን ገመድ መፍታትና የብየዳውን መመለሻ ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ማሰር ጥቂት ደቂቃ ነው። የመኪናው አምራች መመሪያ መበየድን በማይፈቅድበት ቦታ ግን እኛ የምንመርጠው ክፍሉን መለወጥ ነው፤ ባለቤቱ ዋጋውን ሰምቶ ፊቱን ቢያጠቁርም።