ገዳዩን ያነገሥነው እኛ ነን

የቶማስ ሃሪስን «የጠቦቶቹ ዝምታ» ያነበበ ወይም ጆናታን ዴሚ ከዚሁ ልቦለድ የሠራውን ፊልም የተመለከተ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚጠራው ስም ሐኒባል ሌክተር ነው። ሰው በላው የአእምሮ ሐኪም! ስለ ምጡቅነቱ፣ ስለ ርቱዕ አንደበቱ፣ ለባክ ሙዚቃ ስላለው ፍቅር ብዙ ይባላል። ክላሪስ ስታርሊንግስ? «አንዲት የኤፍ ቢ አይ ሠልጣኝ ነበረች» ተብላ ትታለፋለች። ይህ አነባበብ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ነውርም ነው እላለሁ።

ልቦለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፊልሙ የወጣው በ1991 ነው። በ1992 ፊልሙ አምስቱን ታላላቅ የኦስካር ሽልማቶች ጠቅልሎ ሲወስድ አንቶኒ ሆፕኪንስም ጆዲ ፎስተርም ተሸልመዋል። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ያህል በሚፈጀው ፊልም ውስጥ ሆፕኪንስ የሚታየው ከግማሽ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ታሪኩ የክላሪስ ነው። ወንዶቹ ሲያነጋግሯት ዓይናቸውን በቀጥታ ካሜራው ላይ ይተክላሉ፤ ዴሚ በእርሷ ቦታ አስቀምጦን ያን ሁሉ እይታ እንድንሸከም ያደርገናል። እኛ ግን ከተሰጠን ወንበር ተነሥተን ከእስረኛው ጎን ለመቀመጥ ተሽቀዳደምን። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2003 ባወጣው ዝርዝር ሌክተር ከክፉዎች አንደኛ፣ ክላሪስ ከጀግኖች ስድስተኛ ሆኑ።

ለምን? መልሱ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚጥም አይደለም። ሌክተር እኛን ይመስላል! ያነባል፣ ይጠቅሳል፣ ስድነትን ይጸየፋል። ጥበብን የሚወድ ሰው ፈጽሞ ክፉ ሊሆን አይችልም የሚለውን የቆየ ከንቱ እምነታችንን ይኮረኩርልናል። ጠባቂዎቹን ሲገድል የባክ ሙዚቃ ይሰማል፤ እኛም ሬሳውን ረስተን ሙዚቃውን እናደንቅለታለን።

እውነተኛዋ አንባቢ ግን ክላሪስ ናት። በዌስት ቨርጂኒያ ከወንዝ የወጣችውን ሟች ስትመረምር የጥፍሯን ቀለም፣ የተበሳሳ ጆሮዋን ታስተውላለች፤ ከዚህም ተነሥታ የከተማ ልጅ መሆኗን ትረዳለች። ሌሎች አስከሬን ባዩበት እርሷ ሰው ታያለች። ሌክተርም ሰውን ያነባል፤ የሚያነበው ግን ቁስሉን ፈልጎ ጣቱን ሊሰድበት ነው። ቡፋሎ ቢል የተባለው ገዳይ ጉድጓድ ውስጥ የጣላትን ልጅ እንደ ዕቃ ሲያናግራት፣ እናቷ በቴሌቪዥን ቀርባ ሰው መሆኗን እንዲያይ ስሟን ደጋግማ ትጠራለች። ካትሪን ትባላለች፤ ካትሪን ማርቲን። የሌክተርን ንግግር በቃሉ ከሚወጣው አድናቂ ስንቱ ይህን ስም ያስታውሳል?

«ክፋትን ማራኪ አድርጎ መሣል ራሱ ጥበብ ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። እስማማለሁ፤ የጆን ሚልተን ሰይጣንም ማራኪ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ማራኪነት ሊፈትነን እንጂ ልናመልከው የቀረበልን አይደለም። የሚያሳዝነው ሃሪስ ራሱ በ1999 ባሳተመው «ሐኒባል» ክላሪስን የሌክተር ፍቅረኛ አድርጎ አሳልፎ መስጠቱ ነው። በእኔ ፍርድ ደራሲው በዚያ መጽሐፍ ለጭብጨባችን እጁን ሰጠ። ዴሚም ፎስተርም በቀጣዩ ፊልም አልተሳተፉም፤ በ2001 ፊልሙን የሠራው ሪድሊ ስኮትም ያንን ፍጻሜ ለወጠው።

አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ርእስ እኮ የሌክተርን ስም አልያዘም። ርእሱን የሰጠችው በሌሊት የሚታረዱ ጠቦቶችን ጩኸት ሰምታ ዕድሜዋን ሙሉ ያልረሳችው፣ አባቷን በሞት የተነጠቀች አንዲት ሕፃን ናት። ጩኸቱን ትተን የአራጁን ዜማ የምናደንቅ ከሆነ፣ ማንበባችን ምን ረባን?