ለአጭር ፀጉር ስንት ይከፈላል?

የካርቱሙ ካፉሪ በወተት ላሞች የታወቀ ሠፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው ጦርነት ያሳጣውን መንጋ የሚተካ ገበሬ የሚጠይቃችሁ ሙቀት የምትችል የፈረንጅ ላም ነው። ሻጩም «ስሊክ ናት» ይላል።

ስሊክ እውነት ነው። ፕሮላክቲን የተባለው የወተት ሆርሞን የሚያርፍበትን የሕዋስ ተቀባይ የሚሠራው ጂን በካሪቢያን ሴኔፖል ከብቶች ላይ ተለውጧል፤ ፀጉራቸው አጭር ነው፣ ሙቀትም ይችላሉ። ለውጡ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይሠራል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ኮርማ ግን የሚያስተላልፈው ለጥጆቹ ግማሽ ያህል ነው።

የተሸለተች ላምም ስሊክ ትመስላለች። ያለ ላቦራቶሪ ወረቀት ጭማሪ አትክፈሉ። ቡታና፣ ኬናናና የእኛው በጋይት ያለዚህ የጂን ለውጥ ሙቀቱን ለምደውታል፤ በፈረንጅ ስም ዋጋቸውን አታርክሱ።