የሽቦ መኪናና የእኛ ዲግሪ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ ስሄድ ፍኖተ ሰላም ላይ ወርጄ ወደ ቡሬ የሚወስደኝን መኪና እጠብቅ ነበር። ዕድሜው ከዐሥር የማይበልጥ ልጅ አንድ የጭነት መኪና እየነዳ በፊቴ አለፈ። መኪናው የሽቦ ነው። ኮፈኑ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ጎማው ካረጀ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ መሪውም ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ነው። ልጁ መሪውን ባዞረ ቁጥር የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞራሉ። እንዲህ ያለውን እኔም በልጅነቴ ሠርቻለሁ፤ ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች የመጣችሁ አንባቢዎቼም ሳትሠሩ አትቀሩም፤ ስለዚህ በዚህ አልተደነቅሁም። የተደነቅሁት ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ስመለከት ነው።

ከጭነት መሸከሚያው ሥር ባሌስትራ አለው! ይኸውም ከረጅም እስከ አጭር ተደራርበው የታሰሩ አራት ቀጫጭን የቆርቆሮ ቁራጮች ናቸው። «ይኼ ደግሞ ለምንህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጭነት ሲበዛበት እንዳይሰበር ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ። «ርዝመቱንስ በምን ለካኸው?» ብለው፣ «አይሱዙው በርበሬ ሊጭን ቆሞ ሳለ በክንዴ ለካሁት፤ ከዚያ ለያንዳንዱ ክንድ አንድ አንድ ጣት አደረግሁለት» ሲል መለሰልኝ።

እስቲ ይህን መልስ እናስበው። አባቶቻችን አንዱን ክንድ ሃያ አራት ጣት ብለው ይሰፍሩታል። የልጅ ክንድና የልጅ ጣት ከትልቅ ሰው ቢያንሱም ምጣኔያቸው ያው ነው። እንግዲህ የዚያ ልጅ መኪና የእውነተኛው አንድ ሃያ አራተኛ መሆኑ ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የመኪና ሞዴል መሥራትን እንደ ትልቅ ጥበብ የያዙ ሰዎች አዘውትረው ከሚሠሩባቸው መጠኖች አንዱ ይኸው 1፡24 ነው። እነርሱ አንዱን ፉት በግማሽ ኢንች ወክለው ደረሱበት፤ ልጁ ከገዛ አካሉ አገኘው።

ወደ ዩኒቨርስቲያችን ተመልሼ ይህን ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ባወራ ሳቁብኝ። ከሳቁት አንዱ የምሕንድስና ተማሪ ነው። የባሌስትራን ቀመር ያውቃል፣ በፈተናም ጥሩ ነጥብ አግኝቶበታል፤ ባሌስትራን በእጁ ነክቶ ግን አያውቅም። እርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከእርሱ አልሻልም። ሽቦ ማጠፍ የተውሁት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ለምን ቢባል፣ «ተማሪ ሆነህ ገና በመጫወቻ?» ተብዬ ስላፈርሁ ነው። ትምህርት በጨመርሁ ቁጥር እጄ እየሰነፈ መጣ። ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላባከንሁ ነበር።

ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1900 ዓ.ም. በአገራችን ሁለት ነገር ሆነ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባና ዳግማዊ ምኒልክ ተቀመጡበት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አንጥረኛውንና ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት ማንም እንዳይሰድበው አዋጅ አስነገሩ። እኛ መኪናውን በደስታ ተቀበልን፤ አዋጁን ግን ረሳነው። ዛሬ ባለ እጁን በግልጥ የሚሰድብ ጥቂት ቢሆንም፣ ልጁ ጋራዥ ልግባ ቢለው የማያዝን አባት ስንት ነው? እኛ ራሳችንስ ሱሪያችን ግራሶ እንዳይነካው አይደለም የምንሸሸው?

መኪና የሚሠሩት አገሮች የልጆችን ሞዴል እንዴት እንዳዩት ማወቅ ይጠቅመናል። በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ክፍል የነበረው ፊሸር ቦዲ ከ1930 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የወጣቶች የሞዴል ውድድር ያካሂድ ነበር። በመጀመሪያ ልጆቹ የናፖሊዮንን ሠረገላ አሳንሰው ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ግን የራሳቸውን አዲስ መኪና አስበው በአንድ ዐሥራ ሁለተኛ መጠን እንዲሠሩ ተደረገ። ላሸነፉት ለከፍተኛ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ካሸነፉት አንዱ ቻርልስ ጆርዳን ኋላ የዚያው ኩባንያ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኩባንያው የመኪናን መልክ የሚነድፈውን ክፍል የመራው ሀርሊ ኧርልም መኪናን አስቀድሞ በጭቃ አበጅቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ እየላጉና እየለጠፉ ማረምን በቤቱ ያስለመደ ሰው ነው። በብር ወንዝ ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከጭቃ በሬና መኪና ሲሠሩ የሚያደርጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በዚያ ጭቃውን የሚያይ ሰው መኖሩ ነው። የአሜሪካው ውድድር ግን ለወንዶች ልጆች ብቻ ነበር፤ እኛ ብናደርገው ይህን ጉድለት አንድገመው።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የሌላውን ሥራ መቅዳት ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እውነት አለበት። ዳሩ ግን በልኩ የሚቀዳ ሰው «ለምን እንዲህ ሆነ?» ማለቱ አይቀርም፤ አሮጌ መኪናን ማድነቅም በዚህ ጥያቄ ካልታገዘ ማፍጠጥ ብቻ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣውን ላንድ ሮቨር እንመልከት። እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለሆነባቸው አካሉን ከአሉሚንየም ሠሩት፤ ውድ የመጫኛ መሣሪያ እንዳያስፈልገውም ገጹን ዝርግ፣ ጠርዙን ቀጥ ያለ አደረጉት። ያ ሁላችን የምናውቀው መልክ የእጥረት ልጅ ነው። ቮልስዋገንን ብንወስድ ሞተሩ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ውኃም አይሻም። በ1955 እ.ኤ.አ. ዳንቴ ጃኮሳ የነደፈው ፊያት 600 ደግሞ ሞተሩን ከኋላ በማድረጉ በዚያች ትንሽ አካል አራት ሰው ያስቀምጣል። ሦስቱም ያማሩት በችግር ውስጥ በማሰብ ነው። ስለ ችግርማ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

ሌሎች ደግሞ «አገሪቱ ስንት ጭንቀት እያለባት አሻንጉሊት ትሰብካለህ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ለእነዚህ የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የውኃ መሳቢያው ሲበላሽ፣ ወፍጮው ሲቆም፣ ባጃጁ መንገድ ላይ ሲቀር፣ ከፍቶ የሚያየው ባለ ዲግሪው አይደለም። ባለ ጋራዡ ነው። እርሱ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እያለ ከጣሊያንኛ የወረሰውን ቋንቋ ይናገራል፤ እኛ የዚያንኑ ዕቃ ስም በእንግሊዝኛ ሸምድደናል። እርሱ በእጁ ያውቃል፣ ምክንያቱን የሚነግረው የለም። እኛ ምክንያቱን እናውቃለን፣ እጃችን አያውቅም። ሁለታችን ተገናኝተን ሳንነጋገር ዘመኑ እየተለወጠ ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። የኤሌክትሪኩን መኪና ነገ የሚከፍተው ማን ነው? ዛሬ ከሽቦና ከቆርቆሮ ጋር የሚታገለው ልጅ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ እንደ እኔ ያሳፍሩታል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን የሞዴል ትርኢት ያዘጋጅ፤ ማንም ተማሪ፣ የየትኛውም ክፍል ቢሆን፣ በ1፡24 መጠን በእጁ የሠራውን አንድ መኪና፣ ጋሪ ወይም ወፍጮ ያምጣ። የተገዛ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ የምሕንድስና መምህራን ከንድፍ ትምህርት ሰዓት ጥቂቱን ለዚህ ይስጡ፤ በዚያም ቀን አንድ የጋራዥ ሰው ተጋብዞ ከመምህሩ እኩል ቆሞ ያስረዳ። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ልጆች የሠሯቸውን መኪናዎች በተገቢው ዋጋ ገዝተን፣ የሠሪውን ስምና ቀበሌ ጽፈን እናምጣ፤ ከቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቁም ሣጥን ይሰጠን። ያ ሽቦ ዝጎ ሳይጣል ተማሪው አይቶት ይለፍ።

ይህን ሦስተኛውን ሐሳብ ያገኘሁት ከዚያው ልጅ ነው። መኪናውን ልግዛህ ብለው እንቢ አለኝ። «ይኼን አልሸጠውም፣ ጋሼ፤ ገና አላለቀም፤ ፍሬን አላበጀሁለትም። ለመስቀል ብትመጣ ሌላ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ወዲያው የቡሬው መኪና መጣና ተለያየን።

እኔ በበኩሌ ለትርኢቱ ሳልጠራ ላንድ ሮቨር መሥራት ጀምሬአለሁ። ቀላል የመሰለኝ ዝርግ ኮፈን አስቸግሮኝ ሦስተኛ ቆርቆሮዬን አበላሽቻለሁ። ሽቦና ቆርቆሮ ማጠፍ ያልረሳ ተማሪ ወይም መምህር ካለ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ያገኘኛል፤ ፒንሳ ያለው ይዞ ይምጣ።

ከቡሬ የመጣ የ3ኛ ዓመት ተማሪ