ካዛንቺስ ፈረሰ፤ ምኞታችንስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ተቋም የመጣ ነው። በኋላ ግን ሰፈሩ በመጠጥ ቤቱና በሌሊት ጭፈራው ታወቀ። በ2017 ዓ.ም. በብዛት ሲፈርስ ኃጢአት የተነቀለ መስሎን የተደሰትን አለን። ተሳስተናል! ግንብ አይሰክርም፤ ጎዳናም አያመነዝርም። በየመንገዱ የቆሙትን እኅቶች ስንረግም፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን ወንድም አንገሥጽም። እርሱም ማለዳ ነጠላ አጣፍቶ ከእኛው ጋር የሚያስቀድስ ነው። ማርያም ግብፃዊት ከዝሙት ተመልሳ ለቅድስና የበቃችው እስክንድርያ ፈርሳ ሳይሆን ልቧ ተሰብሮ ነው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ምኞታችን ሌላ ካዛንቺስ ሳይሠራ ንስሓ እንግባ፤ ለእኅቶቻችንም ድንጋይ ሳይሆን እጃችንን እንዘርጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።