ስልኩን ከአንባቢው እጅ አትውሰዱ

ይድረስ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችና ለአይሲቲ ባለሙያዎች፦

ዋይፋይ እምቢ ያለው አንባቢ ወደ እናንተ ሲመጣ በብዙ ቦታ የሚጠብቀው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ለሌላው ሰው ይሠራል፤ ችግሩ የስልክህ ነው» ይባላል፤ ወይ ሠራተኛው ስልኩን ተቀብሎ፣ ነካክቶ፣ ምንም ሳይናገር ይመልስለታል። ሁለቱም መቆም አለባቸው።

«ለሌላው ይሠራል» የሚለው መልስ ራሱ ወደ እናንተው ጓዳ ይጠቁማል። ራውተር በተለመደው አሠራር ሲዘረጋ የሚያድለው ቢበዛ 250 ገደማ የአይፒ አድራሻ ነው። ተማሪው ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ስለሚመጣ ለአንድ ሰው ሁለት ይሄዳል። የአድራሻው ቆይታ 24 ሰዓት ተብሎ ከተሞላ ደግሞ፣ ጠዋት አጥንቶ የወጣው ልጅ አድራሻ እስከ ነገ ተይዞ ያድራል። ከሰዓት በኋላ የመጣው ሰው ስልክ አድራሻ አጥቶ ሲንከራተት፣ ቀደም ብሎ የገባው ያለ ችግር ይሠራል። ታዲያ ይህ የስልክ ጥፋት ነው? ቆይታውን ወደ አንድና ሁለት ሰዓት ማሳጠር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሆኖም ቅሬታውን የሚሰማው ሠራተኛ ራውተሩን አያይም፤ ራውተሩን የሚያየው ባለሙያ ቅሬታው አይደርሰውም።

ከስልኩ የሚመጣም አለ። ዋይፋዩ ይዞ መግቢያ ገጹ አልመጣ ሲል ብዙ ጊዜ ቪፒኤን በርቶ ይገኛል፤ ወይም የተከፈተው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ስለሆነ ኔትወርኩ ወደ መግቢያው ሊያዞረው አልቻለም።

በዚህ ጊዜም ስልኩን አትቀበሉ። ቴሌብሩ፣ የባንኩ መተግበሪያ፣ የቤተሰብ መልእክቱ ሁሉ ያለው እዚያው ነው። አንዲት እናት ሊረዳት የቆመን ሰው «ስልኬን አልሰጥም» ለማለት ይሉኝታ ይይዛታል። ቪፒኤኗን አጥፍታችሁ ዝም ካላችሁ ጥበቃዋ መነሣቱን ሳታውቅ ትሄዳለች። አጠገቧ ተቀምጣችሁ «ሴቲንግ ይክፈቱ፣ አሁን ይቺን ይንኩ» ብትሏት ጊዜ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ግን ራሷ ትገባለች፤ ለጎረቤቷም ታሳያለች።

ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት ወረቀት ፓስወርድ ብቻ አይሁን። ተመሳሳይ ስም ያለው ሆትስፖት ማንም ሊከፍት ስለሚችል የኔትወርኩን ስም አንድም ፊደል ሳይጎድል ጻፉበት፤ የአገባቡን ቅደም ተከተልም በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል አክሉ። ከመረጃ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ቅሬታው በስንት ሰዓት እንደመጣና ስልኩ ምን እንዳሳየ እየተመዘገበ በየሳምንቱ ለባለሙያው ይድረስ። ከሰዓት በኋላ የሚበዛ ከሆነ ከአድራሻው ቆይታ ይጀምር።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ